«ግባና ቡና ጠጣ»፦ ሳን አንድሪያስን ያናጋችው የተቆለፈች በር

እኛ ዘንድ «ግባና ቡና ጠጣ» ማለት ግባና ቡና ጠጣ ማለት ነው። ረከቦት አለ፣ ፈንዲሻ አለ፣ ጎረቤት አለ። ቢበዛ ቢበዛ ሐሜት ይኖራል። ለዚህ ነው ይህን ጉዳይ መጀመሪያ ስሰማ ግራ የተጋባሁት። የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አንድ ጌም ውስጥ ስላለ «ቡና» ድምፅ ሰጠ? ለዚያውም 355 ለ21?

ጌሙ ግራንድ ቴፍት አውቶ (በአጭሩ ጂቲኤ) ሳን አንድሪያስ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እሱን ሳይነካ ያደገ የእኔ ዘመን ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ጌም ቤት በሰዓት እየከፈልን፣ ኮፒ ዲስክ ከጓደኛ እየተዋስን ተጫውተነዋል። ሚሽኑን፣ ማለትም የጌሙን ተልዕኮ፣ የሚጨርስ ግን ጥቂት ነበር። የብዙዎቻችን ሥራ ኮድ አስገብቶ መታጠቅና ከፖሊስ ጋር መሯሯጥ ነው። «አር ዋን፣ አር ቱ፣ ኤል ዋን፣ አር ቱ፣ ግራ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ላይ...» እያልን የቁልፎቹን ቅደም ተከተል ደብተር ላይ እንጽፈው ነበር። ጣቴ እስካሁን ያስታውሰዋል። ያ ዲስክ ሌላ ነገር ደብቆ መያዙን ግን ማናችንም አናውቅም ነበር።

(ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጩኸት የቀለበው ጌም

ጂቲኤ የተወለደው ስኮትላንድ፣ ደንዲ ከተማ ነው። የሠራው ዲኤምኤ ዲዛይን የሚባል ድርጅት ነው። የመጀመሪያው ጌም በ1997 ወጣ። ከተማውን ከላይ ወደ ታች የሚያሳይ፣ መኪኖቹ የክብሪት ሳጥን የሚያክሉ፣ ለዛሬ ዓይን እዚህ ግባ የማይባል ነገር ነው። አሳታሚው ግን ማክስ ክሊፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ የሕዝብ ግንኙነት ሰው ቀጠረ። ሰውየው ቅሌትን የጋዜጣ ርዕስ በማድረግ የታወቀ ነበር። ጌሙ ገበያ ላይ ሳይውል ወሬው የብሪታንያ የጌቶች ምክር ቤት ደረሰ። መኪና ሰርቆና ሰው ገጭቶ ማምለጥን ጨዋታ ያደረገ ነገር ሊወጣ ነው ተባለ። ጋዜጦች ተቀባበሉት። ልጆቹም ሄደው ገዙት።

ይህ ነገር የጂቲኤን ሰዎች አንድ ነገር አስተማራቸው። የሚቃወምህ ሰው በነጻ ያስተዋውቅሃል።

በ1998 ቴክ ቱ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጌሙን ከነሰዎቹ ጠቀለለው። ሳም ሃውዘርና ዳን ሃውዘር የሚባሉ እንግሊዛዊ ወንድማማቾች ከጓደኞቻቸው ጋር ኒው ዮርክ ላይ ሮክስታር ጌምስን አቋቋሙ። ሦስተኛው ጂቲኤ በ2001 ሲመጣ ከተማው ከላይ የሚታይ ካርታ መሆኑ ቀረና ተጫዋቹ ራሱ መንገዱ ላይ ወረደ። የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ከመውጫው ጥቂት ሳምንት በፊት ስለደረሰ፣ የፖሊስ መኪኖቹን ቀለም ከኒው ዮርክ ፖሊስ ጋር እንዳይመሳሰል ለውጠውታል።

ቀጥሎ በ2002 ቫይስ ሲቲ መጣ። እዚያ ውስጥ የኩባና የሄይቲ ወሮበሎች ይዋጋሉ። በመሀል ሄይቲዎችን ግደል የሚል ንግግር ነበረበት። በ2003 መጨረሻ ላይ የሄይቲ ተወላጆች ማኅበራት በኒው ዮርክና በፍሎሪዳ ተነሱ። የኒው ዮርኩ ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግም ከጎናቸው ቆመ። ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ ንግግሩን ከሚቀጥሉት ቅጂዎች ለማውጣት ተስማማ። እውነቱን ለመናገር ይህኛው ቅሬታ ተገቢ ነበር። ሕዝብን በስሙ ጠርቶ ግደል የሚል ነገር «ቀልድ ነው» ተብሎ አይታለፍም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ጠብ ሁሉ አንድ የሚያመሳስለው ነገር አለው። ሰው የተቆጣው በዓይኑ ባየው ነገር ነው። ጌሙ ያሳያል፣ ተቺው ይጮኻል፣ ሮክስታር «ጌሙ ለአዋቂ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ተጽፏል» ብሎ ይመልሳል። መልሱን ውደዱትም ጥሉትም፣ መልስ ነበራቸው። የሳን አንድሪያሱ ጉዳይ የተለየው በዚህ ነው። ጠቡ ያሳዩት ሳይሆን የደበቁት ነገር ላይ ነበር።

በሩ የተለሰነበት ክፍል

ሳን አንድሪያስ በኦክቶበር 2004 ለፕሌይስቴሽን 2 ወጣ። የሠራው ኤደንብራ ያለው የሮክስታር ቡድን ነው። ሦስት ከተማ፣ በመካከላቸው ገጠር፣ ተራራ፣ በረሃ። ዋናው ገጸ ባሕሪ ካርል ጆንሰን፣ በአጭሩ ሲጄ፣ ሲበላ ይወፍራል፣ ጂም ሲገባ ይፈረጥማል፣ ፀጉሩን ይቆረጣል። በዚያን ጊዜ ይህ ተአምር ነበር።

ሲጄ ሴት ጓደኛም ይይዛል። የመጀመሪያዋ ዴኒስ ናት። ምግብ ይጋብዛታል፣ ያስጨፍራታል፣ ማታ ቤቷ ያደርሳታል። ደስ ካላት በሩ ላይ ቆማ ቡና ትጋብዘዋለች። ይገባሉ። እኛ ግን ውጭ ቀርተን ግድግዳ ነው የምናየው። ምስሉ ትንሽ ይወዛወዛል፣ የታፈነ ድምፅ ይሰማል፣ አለቀ። እንደ ድሮ ፊልም መጋረጃውን ዘጋ ማድረግ ነው።

ችግሩ ከበሩ ጀርባ ነው። የጌሙ ሠራተኞች ውስጥ የሚሆነውንም ሠርተውት ነበር። ተጫዋቹ ምቱን ጠብቆ የመጫወቻውን ቁልፍ እየተጫነ የሚቆጣጠረው የወሲብ ትዕይንት ነው። ይህ ከገባ ጌሙ በአሜሪካ «ለአዋቂ ብቻ» እንደሚባል ስለታወቀ ለመተው ተወሰነ። ግን እንዴት ተዉት? እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው።

እንዲህ ያለ ግዙፍ ጌም ከማለቁ በፊት አንድ ነገር ነቅሎ ማውጣት አደገኛ ነው። ኮዱ እንደ ሹራብ ነው። አንዷን ክር ስትስብ ሌላው ጋ ቀዳዳ ይፈጠራል። ስለዚህ የትም አገር ያለ ፕሮግራመር የሚያደርገውን አደረጉ። አልነቀሉትም፤ ቆለፉት። ምስሉ፣ እንቅስቃሴው፣ ድምፁ ዲስኩ ላይ ቀረ። የሚያስገባው መንገድ ብቻ ተዘጋ። ቁልፉም ኮዱ ውስጥ ያለች አንዲት ምልክት ናት፤ እሷ ስትቀየር በሩ ይከፈታል። አንድ ሰው ቤቱን ሲያከራይ የአንዱን ክፍል በር በጭቃ ለስኖ ዕቃውን ግን ውስጥ እንደተወው ቁጠሩት። ተከራዩ ግድግዳ ነው የሚመስለው።

ጁን 7 ቀን 2005 ጌሙ ለኮምፒውተር ወጣ። የኮምፒውተር ፋይል ደግሞ ለጎርጓሪ የተመቸ ነው። ፓትሪክ ዊልደንቦርግ የሚባል ሆላንዳዊ ከእሱ መሰሎች ጋር የጌሙን ፋይሎች ይበረብር ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጁን 9፣ አንዲት ትንሽ ፋይል በነጻ ለቀቀ። ስሟን «ሆት ኮፊ»፣ ትኩስ ቡና፣ አላት። የጫናት ሰው ሲጄን ተከትሎ ዴኒስ ቤት ይገባል።

ትዕይንቱ ዛሬ ቢታይ ያስቃል። ሁለት የእንጨት አሻንጉሊት የመሰሉ ምስሎች ሲንቀሳቀሱ ነው የሚታየው። ግን በዚያ ክረምት የሳቀ ሰው አልነበረም።

«ሃከሮች ናቸው»

ሮክስታር እዚህ ጋ ምርጫ ነበረው። «አዎ፣ ሠርተነው ነበር፤ ከዚያ ትተነዋል፤ ዲስኩ ላይ መቅረቱ ስህተት ነው» ማለት ይችል ነበር። ለጥቂት ቀን ያሳፍራል፣ ከዚያ ያልፋል። እነሱ ግን በጁላይ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ሌላ ነገር አሉ። ይህ ብዙ የለፉ ሃከሮች ሥራ ነው፤ እኛ ያወጣነውን ጌም ቀይረውት ነው የሚል መግለጫ አወጡ።

ይህች መግለጫ ናት እሳቱ ላይ ቤንዚን ያፈሰሰችው። ዊልደንቦርግ ወዲያው መለሰ። እኔ የፈጠርኩት ነገር የለም፤ ምስሉም፣ እንቅስቃሴውም፣ ድምፁም በዋናው ዲስክ ላይ የነበረ ነው አለ። ማስረጃውም ብዙ አልቆየም። ፕሌይስቴሽን 2 ላይ በልዩ የኮድ ማስገቢያ መሣሪያ ያንኑ ትዕይንት መክፈት ተቻለ። የፕሌይስቴሽን ዲስክ ደግሞ አንዴ ከታተመ በኋላ አይጻፍበትም። ሆላንድ የተቀመጠ ሰው አሜሪካ ሱቅ ውስጥ ያለ ዲስክ ላይ ምንም ሊጨምር አይችልም። ጉዱ ፈላ።

ጁላይ 14 ሴናተር ሂላሪ ክሊንተን ሸማቾችን ከማታለል የሚጠብቀው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ነገሩን እንዲመረምር ጠየቀች። ሮክስታርም ሆነ እናት ኩባንያው ቴክ ቱ የሚገኙት እሷ ያኔ በምትወክለው ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። ጁላይ 25 የተወካዮች ምክር ቤትም ኮሚሽኑ እንዲመረምር ያንን የ355 ለ21 ድምፅ ሰጠ። በዚያ ምክር ቤት ሪፐብሊካንና ዴሞክራት በስንት ነገር እንዲህ ይስማማሉ?

በ17ና በ18 መሀል

አሁን ወደ አሰልቺው ግን ዋናው ነገር እንምጣ፤ የዕድሜ ደረጃ።

አሜሪካ ውስጥ ጌሞችን የሚመዝነው ኢኤስአርቢ የሚባል ተቋም ነው። የመንግሥት አይደለም። በ1993 ሴኔቱ ሞርታል ኮምባትን በመሳሰሉ አመጸኛ ጌሞች ላይ ችሎት መሰል ስብሰባ ሲጠራ ኢንዱስትሪው ደነገጠ። መንግሥት ሳይቆጣጠረን ራሳችንን እንቆጣጠር ብሎ በ1994 አቋቋመው። አሠራሩ በመተማመን ላይ የቆመ ነው። ገምጋሚዎቹ ጌሙን ቁጭ ብለው አይጨርሱትም። አሳታሚው መጠይቅ ይሞላል፣ ጠንከር ያሉትን ትዕይንቶች በቪዲዮ ይልካል፣ እነሱ ያንን አይተው ደረጃ ይሰጣሉ። ደብቀህ ያልላክኸውን እንዴት ያያሉ?

ሳን አንድሪያስ የተሰጠው ደረጃ «ኤም» ነበር፤ ከ17 ዓመት በላይ። ከእሱ በላይ ያለው «ኤኦ» ነው፤ ከ18 በላይ፣ ለአዋቂ ብቻ። ልዩነቱ በወረቀት አንድ ዓመት ነው። በገበያ ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። ዎልማርትና ታርጌትን የመሳሰሉ ትልልቅ መደብሮች «ኤኦ» ያለበትን ጌም መደርደሪያቸው ላይ አያስቀምጡም። ሶኒና ማይክሮሶፍትም በማሽናቸው ላይ አይፈቅዱም።

ጁላይ 20 ኢኤስአርቢ ደረጃውን ወደ «ኤኦ» ቀየረው። በሳምንት ጊዜ ውስጥ የዓመቱ ትልቅ ጌም ከመደርደሪያ ወረደ። ቴክ ቱ የተመለሱለት ቅጂዎች ብቻ 24.5 ሚሊዮን ዶላር አስወጡት። አውስትራሊያ ደግሞ ያኔ ለጌም የ18 ዓመት ደረጃ የሚባል ጨርሶ አልነበራትም። ስለዚህ ጌሙን ከነጭራሹ ከለከለችው። ብሪታንያ ከመጀመሪያው 18 ብላው ስለነበር እንዲህ ያለ ትርምስ አልገጠማትም።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። በዚህ ጌም ሰው በመጋዝ ይቆረጣል። አላፊ አግዳሚው በጥይት ይረግፋል። ያ ሁሉ ለ17 ዓመት ልጅ ተፈቅዷል። ሁለት አዋቂዎች ተፈቃቅደው የሚያደርጉት ነገር ሲመጣ ምክር ቤት ተሰበሰበ። ትዕይንቱ ለልጅ ይሁን እያልኩ አይደለም። ሚዛኑ ግን የሚገርም ሚዛን ነው።

ሮክስታር በኦገስት ክፍሉን ጨርሶ የሚዘጋ ማስተካከያ ለቀቀ። ተጫዋቾች «ቀዝቃዛ ቡና» ብለው ተሳለቁበት። የጸዳው ጌም የ«ኤም» ደረጃውን አግኝቶ ተመለሰ። ኢኤስአርቢም ከእንግዲህ አሳታሚዎች ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ፣ የተቆለፈውንም ጭምር፣ እንዲያሳውቁ አዘዘ። የዚህ ጉዳይ እውነተኛ ቅርስ ይህ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ «ቆልፌዋለሁ» ማለት «የለም» ማለት መሆኑ ቀረ።

የጠበቆቹ ክረምት

ከዚያ ክስ ዘነበ። ከከሳሾቹ አንዷ የ85 ዓመት የኒው ዮርክ አዛውንት ናቸው። ጌሙን የገዙት ለልጅ ልጃቸው ነው። ልጁ 14 ዓመቱ ነበር። ሽፋኑ ላይ ያኔም 17 የሚል ተጽፎ ነበር። ያልተፈቀደው ነገር ለልጅ ልጃቸው ደረሰ ብለው ሲከሱ፣ የተፈቀደውም ቢሆን ለእሱ እንዳልነበር ማንም ልብ ያላቸው አይመስልም።

በጁን 2006 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከኩባንያው ጋር ተስማማ። ቅጣት የለም። ወደፊት ግን የጌምን ይዘት ከደበቁ ለእያንዳንዱ ጥሰት እስከ 11,000 ዶላር ይከፍላሉ። አንበሳው አገሳና ተኛ።

የገዢዎቹ የጋራ ክስ ይበልጥ ያስገርማል። ስምምነቱ በትዕይንቱ ቅር የተሰኘ ገዢ እስከ 35 ዶላር እንዲያገኝ ይፈቅድ ነበር። ጌሙ በሚሊዮን ተሸጧል። ቅር ብሎኛል ብሎ ያመለከተው 2,676 ሰው ብቻ ነው። ጠበቆቹ ግን ለድካማቸው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠየቁ። በ2008 ዳኛዋ የጋራ ክሱን አፈረሱት። ገንዘቡ የሄደው ለብቻቸው የከሰሱት የቴክ ቱ ባለአክሲዮኖች ጋ ነው። በ2009 ቴክ ቱ እና ኢንሹራንሶቹ 20.1 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ያ ክስ ግን ከቡናው ሌላ የአክሲዮን ቀን ማዛባትንም (የተሰጠ የአክሲዮን መግዣ መብትን ቀን ወደ ኋላ መጻፍን) ይዞ ነበር።

ፖለቲከኞቹም ባዶ እጃቸውን ነው የተመለሱት። ክሊንተን ከሌሎች ሴናተሮች ጋር በ2005 መጨረሻ ሕግ አረቀቀች፤ አልጸደቀም። በካሊፎርኒያ ሊላንድ ዪ የሚባል የሕዝብ ተወካይ፣ ሙያው የልጆች ሥነ ልቦና ነው፣ በሳን አንድሪያስ ላይ አጥብቀው ከጮኹት አንዱ ነበር። አመጸኛ ጌም ለልጆች እንዳይሸጥ የሚከለክል ሕግ በዚያው ዓመት አስወጣ። በ2011 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 7 ለ2 ሻረው። ጌም እንደ መጽሐፍ የመናገር ነጻነት ጥበቃ አለው ተባለ። የሚቀጥለውን ልብ ወለድ ውስጥ ብታገኙት «ጸሐፊው አበዛው» ትሉ ነበር። በ2014 ዪ በኤፍቢአይ ተያዘ። ከቀረቡበት ክሶች አንዱ የጦር መሣሪያ ዝውውር ነበር። በሙስና ወንጀል ጥፋተኛነቱን አምኖ በ2016 አምስት ዓመት ተፈረደበት። አንድ የሳን አንድሪያስ ሚሽን ይወጣዋል።

ሳን አንድሪያስስ? ከ27 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠ። ጂቲኤም አልሞተም። አምስተኛው በ2013 ሲወጣ በሦስት ቀን 1 ቢሊዮን ዶላር አስገባ። እሱም የራሱን ጠብ ይዞ መጣ፤ ተጫዋቹ ሰው የሚያሰቃይበት ትዕይንት ነበረው። በ2014 መጨረሻ አውስትራሊያ ውስጥ ሁለት ትልልቅ መደብሮች ከመደርደሪያ አወረዱት። ግን ያ የተለመደው ዓይነት ጠብ ነው። ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ነበር።

በረካው

ቡና አንዴ ተጠጥቶ አያልቅም፤ አቦል አለ፣ ቶና አለ፣ በረካ አለ።

በኖቬምበር 2021 ሮክስታር ሦስቱን የድሮ ጂቲኤዎች፣ ሳን አንድሪያስን ጨምሮ፣ አድሶ ለቀቀ። ዕድሳቱ የተበላሸ ነበር። ዝናቡ ዓይን ይጋርዳል፣ የሰዎቹ ፊት ያስፈራል፤ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ። በወጣ ማግስት ደግሞ የኮምፒውተሩ ቅጂ ከሽያጭ ወረደ። ሳይታሰብ የገቡ ፋይሎች ስላሉ እያወጣናቸው ነው የሚል መግለጫ ወጣ። ፋይሎቹን የበረበሩ ሰዎች ግን ቀድመው አይተው ነበር። ከሠራተኞቹ የድሮ ማስታወሻዎች ጋር፣ ከ16 ዓመት በኋላ፣ የትኩስ ቡናው ኮድ ተቀምጧል አሉ።

በዚህኛው ጊዜ ሃከሮች ናቸው ያለ የለም። ሦስት ቀን ገደማ ቆይቶ ጌሙ ወደ ገበያ ተመለሰ።